ሁለቱ የጠፉ በሽታዎችና የክትባት ወረፋ

በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ በክትባት አማካይነት ከምድረ ገጽ ሙሉ በሙሉ የጠፉ በሽታዎች ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው ንጉሥና ገባር ሳይለይ ለብዙ መቶ ዘመናት ሰውን ሲያጭድ የኖረው ፈንጣጣ ነው። ሁለተኛው በአማርኛ “የደስታ በሽታ” የሚባለው፣ ስሙ ከግብሩ የማይገጥም፣ የቀንድ ከብት ጨራሽ ነው። የሚያስደንቀው ነገር ሁለቱም የመጨረሻ መሸሸጊያቸውን ያገኙት በዚሁ በእኛ ቀጠና መሆኑ ነው። በተፈጥሮ የተዛመተው ፈንጣጣ የመጨረሻውን ሰው የያዘው በ1977 በሶማሊያ የመርካ ከተማ ሲሆን፣ የደስታ በሽታ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ2001 በኬንያ የሜሩ ብሔራዊ ፓርክ ጎሾች ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይተው ካልተገለጹ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2021 የኮቪድ-19 ክትባት በሀብታም አገሮች ማቀዝቀዣዎች ተከማችቶ ሳለ፣ በአፍሪካ ሆስፒታሎች ያልተከተቡ ሐኪሞችና ነርሶች በሽተኛ ያስታምሙ ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ሰው “የድሃ አገር ዕጣ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው” ብሎ ነበር። ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም። መንገድ በሌለበት፣ መብራት ባልገባበት፣ ጦርነት ባልበረደበት በዚህ ቀጠና ክትባት ሁለት ጊዜ እስከ መጨረሻው የጠረፍ መንደር ደርሶ በሽታን ነቅሏል። ታዲያ በ1970ዎቹ የተቻለው በ2021 ስለምን አቃተ? ጥያቄውን ለመመለስ ታሪኩን ከሥሩ መጀመር ያስፈልጋል።

አሞሌና ምላጭ

“ክትባት” የሚለው ቃል ራሱ ታሪክ አለው። ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ሲሆን፣ በአንገት የሚንጠለጠለው ክታብም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። የአማርኛ ተናጋሪው ቆዳን በስተው መድኃኒት የማስገባቱን ጥበብ ከመጻፍ ጋር አዛምዶ የሰየመው ያለ ምክንያት አይመስልም፤ ምላጩንም ብዕሩንም የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ያው አንዱ ሰው፣ ደብተራው፣ ነበርና።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ ለዓመታት የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ የሥራውን አካሄድ ጽፎ አቆይቶልናል። ፈንጣጣ በገባ ጊዜ ሰዎች ይሰባሰቡና እያንዳንዳቸው የጨው ቁራጭ ይዘው በሽታው ወዳለበት ስፍራ ይሄዳሉ። ደብተራው በሽታው በደንብ ከወጣበት ሰው ላይ መግሉን በመርፌ እየወጋ በእንቁላል ቅርፊት ያጠራቅማል። ቀጥሎም በምላጭ ክንዳቸው ላይ ትንሽ መስቀል በጥቶ፣ ከመግሉ ጥቂት ጨምሮበት በጨርቅ ያስርላቸዋል። ዋጋው ያቺው ጨው ነበረች።

ይህ ዘዴ አደገኛ ነበር። ወደ ሰውነት የሚገባው እውነተኛው ፈንጣጣ ስለሆነ አንዳንዱ የተከተበ ሰው ይሞት ነበር፤ በሽታው ከእርሱ ወደ ጎረቤት የሚዛመትበት ጊዜም ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ዘዴው አንድ ትልቅ ነገር ነበረው፤ በሰው እጅ ነበር። ዕውቀቱ ከመንደሩ፣ ባለሙያው ከደብሩ፣ ክፍያው ከገበያው ይገኝ ነበርና ማንም ሰው የባዕድ አገር መርከብ ወደብ እስኪደርስ አይጠብቅም ነበር።

እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር በ1796 ከላም ፈንጣጣ የተገኘውን ክትባት በሙከራ ሲያረጋግጥ ከዚህ እጅግ የተሻለና አስተማማኝ መከላከያ ለዓለም ተሰጠ። ነገር ግን የአዲሱ መድኃኒት ፈሳሽ በሙቀት ፈጥኖ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ በአውሮፓ ከተሞች በሽታውን እያዳከመ ሲሄድ፣ ለቆላና ለበረሃ አገሮች ግን ከአንድ መቶ ተኩል ዓመት በላይ ስሙ እንጂ ጥቅሙ በሙላት ሳይደርስ ቆየ። ከጄነር ሙከራ እስከ መርካ የመጨረሻ ሕመምተኛ ድረስ የተቆጠረው ዘመን 181 ዓመት ነው። የመጀመሪያው ቁም ነገር ይህ ነው፤ የክትባት መገኘትና የክትባት መድረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ፈንጣጣ እንዴት ተሸነፈ?

በ1958 የሶቭየት ኅብረት የጤና ምክትል ሚኒስትር የነበሩት ቪክቶር ዥዳኖቭ ፈንጣጣን ከዓለም ለማጥፋት ዘመቻ እንዲደረግ ለዓለም ጤና ጉባኤ ሐሳብ አቀረቡ። በ1967 ዘመቻው በአዲስ ጉልበት ሲጀመር በሽታው በ31 አገሮች ሥር ሰድዶ ይኖር ነበር፤ በየዓመቱም ከ10 እስከ 15 ሚሊዮን የሚደርስ ሰው ይይዝ እንደነበር ተገምቷል። ወቅቱ ምሥራቅና ምዕራብ ጦር የተማዘዘበት የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነበር። ሆኖም ሶቭየት ኅብረት በዘመቻው ዓመታት ከአንድ ቢሊዮን መጠን በላይ ክትባት ሰጠች፤ ዘመቻውን ከጄኔቭ የመሩት ደግሞ አሜሪካዊው ዶክተር ዶናልድ ሄንደርሰን ነበሩ።

ለድሉ ሦስት ነገሮች መሠረት ሆነዋል።

የመጀመሪያው ክትባቱ ለአየር ንብረታችን እንዲስማማ መደረጉ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዛዊው ሌስሊ ኮሊየር ክትባቱን በቅዝቃዜ አድርቆ በዱቄት መልክ የማዘጋጀቱን ዘዴ አሻሻለ። ይህ ዱቄት በ37 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ወር ያህል ሳይበላሽ ይቆያል። በበቅሎና በግመል ጭነት ለሚጓዝ ከታቢ ከዚህ የበለጠ ስጦታ አልነበረም።

ሁለተኛው ዕውቀቱ የጋራ መሆኑ ነው። በዋየት ኩባንያ ይሠራ የነበረው ቤንጃሚን ሩቢን የሠራው፣ ጫፉ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለ መርፌ በአንድ ጊዜ ጠብታ ብቻ ስለሚይዝ፣ ቀድሞ ለአንድ ሰው ይውል የነበረው ክትባት ለአራት ሰው ይበቃ ጀመር። ኩባንያው ለዘመቻው ሲባል ከፈጠራ መብቱ ሊያገኝ የሚችለውን ክፍያ ተወ። የዓለም ጤና ድርጅትም የክትባቱን አሠራር ለየአገሩ ቤተ ሙከራዎች እያስተማረ ጥራታቸውን ተቆጣጠረ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ታዳጊ አገሮች ከሚጠቀሙበት የፈንጣጣ ክትባት አብዛኛው እዚያው በታዳጊ አገሮች የተመረተ ነበር። በሌላ አነጋገር ድሃው አገር እጁን ዘርግቶ ከመጠበቅ አልፎ ራሱ ማምረት ጀምሮ ነበር።

ሦስተኛው የአገሬው ሰው ተሳትፎ ነው። በሹካ መርፌ መከተብን ለመማር ደቂቃዎች ይበቁ ነበርና የመንደር ወጣት፣ አስተማሪ፣ ዘላን አርብቶ አደር ሳይቀር ከታቢ መሆን ቻለ። በዚያ ላይ ዘመቻው ሁሉን ሰው በጅምላ ከመከተብ ይልቅ በሽተኛውን ፈልጎ፣ በዙሪያው ያሉትን ከትቦ በሽታውን ማፈን የሚል ስልት ያዘ። በሽታው የት እንዳለ የሚያውቀው ደግሞ የአካባቢው ሰው እንጂ ከጄኔቭ የመጣ ባለሙያ አልነበረም።

ከኦጋዴን እስከ መርካ

በኢትዮጵያ ዘመቻው የተጀመረው በጥር 1971 ነው። በዚያ ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕመምተኞች ተመዘገቡ። አገሪቱ ሰፊ፣ ተራራዋ ብዙ፣ መንገዷ ጥቂት ነበር። አብዛኛው ሕዝብ ከመኪና መንገድ ርቆ ስለሚኖር ከታቢዎቹ፣ ኢትዮጵያውያንም ሆኑ በጎ ፈቃደኞች የውጭ አገር ወጣቶች፣ ቀናት በእግርና በበቅሎ ይጓዙ ነበር። በኋላ ሄሊኮፕተር ተጨመረ።

የሕዝቡ አቀባበልም በየስፍራው የተለያየ ነበር። በኢትዮጵያ የነበረው ፈንጣጣ ቀለል ያለው ዓይነት ስለሆነ ከመቶ ሕመምተኞች የሚሞቱት አንድ ወይም ሁለት ነበሩ፤ ወባና ረሀብ በሚገድሉበት አገር ይህን በሽታ ማሳደድ ለብዙዎች ቅንጦት መሰለ። በጎጃምና በሌሎች ደጋማ አካባቢዎች ደግሞ በአባቶቻቸው ዘዴ መከተብን የለመዱ ሰዎች “የራሳችን አለን” ብለው አዲሱን ክትባት አንቀበልም አሉ። ከታቢዎቹ መንገድ የከፈተላቸው ከመንደር ሽማግሌዎችና ከአካባቢ ሹማምንት ጋር በትዕግሥት መነጋገራቸው ነበር። ያለ ሕዝቡ ፈቃድ ጥሩ ክትባት ብቻውን የትም እንደማይደርስ ቀጠናው ያን ጊዜ አይቶታል።

በ1974 አብዮት ፈነዳ፤ መንግሥት ተለወጠ፤ ዘመቻው ግን አልቆመም። በነሐሴ 1976 የኢትዮጵያ የመጨረሻ የፈንጣጣ ሕመምተኛ በኦጋዴን በረሃ ዲሞ በምትባል መንደር ተገኘች። በሽታው ግን ድንበር አያውቅምና ከዘላኖች ጋር ወደ ሶማሊያ ተሻግሮ በ1977 ከ3 ሺህ በላይ ሰዎችን ያዘ። በዚያው ዓመት በሁለቱ አገሮች መካከል የኦጋዴን ጦርነት ተቀሰቀሰ።

የመጨረሻው ሕመምተኛ ዓሊ ማው ማዓሊን የመርካ ሆስፒታል ወጥ ሠሪ ነበር። ሁለት የታመሙ ሕፃናትን ወደ ማግለያ ጣቢያ ለምታደርስ መኪና መንገድ ሊያሳይ ለጥቂት ደቂቃዎች አብሯቸው ተሳፈረ። በጥቅምት 26 ቀን 1977 ሽፍታው ወጣበት። በሁለት ሳምንት ውስጥ በከተማይቱና በአካባቢዋ ከ54 ሺህ በላይ ሰዎች ተከተቡ። ዓሊ ዳነ፤ ከእርሱ ወደ ሌላ የተዛመተ በሽታም አልነበረም። የዓለም ጤና ጉባኤ በግንቦት 8 ቀን 1980 ፈንጣጣ መጥፋቱን አወጀ። ለዘመቻው ከ1967 ጀምሮ የወጣው ገንዘብ 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው በበሽታው የተጠቁት አገሮች ራሳቸው ያወጡት ነው።

በሆስፒታል ውስጥ እየሠራ ሳይከተብ የቀረው ዓሊ፣ ዘግይቶ እንደተናገረው መርፌውን ፈርቶ ነበር። በኋለኛው ዕድሜው የፖሊዮ ክትባት ቅስቀሳ ሠራተኛ ሆኖ የራሱን ታሪክ ለእናቶች እየነገረ ልጆቻቸውን እንዲያስከትቡ ያሳምን ነበር። በሐምሌ 2013 በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ በወባ ሞተ።

የከብቱ ዕዳ

ሁለተኛው ድል እንደ መጀመሪያው ስሙ አልገነነም፤ ለዚህ ቀጠና ሕዝብ ግን ከፈንጣጣው አያንስም። የደስታ በሽታ በ1887 ገደማ በምፅዋ በኩል ገብቶ በኢትዮጵያ ከነበረው የቀንድ ከብት ከመቶ ዘጠናውን ያህል እንደፈጀ ይነገራል። በሬ ያጣው ገበሬ እርሻውን መጠመድ አቃተው፤ ድርቁና አንበጣው ተጨምሮበት “ክፉ ቀን” የሚባለው ታላቅ ረሀብ ሆነ። ከአገሪቱ ሕዝብ እስከ ሢሶ የሚደርሰው በዚያ ዘመን እንዳለቀ የሚገምቱ አሉ። ከብት የሚገድል በሽታ ሰውንም ይገድላል።

መድኃኒቱ የተገኘው እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ ነው። በናይሮቢ አቅራቢያ በሙጉጋ የምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊው ዋልተር ፕሎራይትና ባልደረቦቻቸው በ1950ዎቹ መጨረሻ አስተማማኝና ርካሽ ክትባት አዘጋጁ። ክትባቱ በልዩ ልዩ የአፍሪካ ቤተ ሙከራዎች ይመረት ጀመር፤ በ1964 የተቋቋመው የደብረ ዘይት፣ የዛሬው ቢሾፍቱ፣ የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ከእነዚህ አንዱ ነው። ችግሩ ግን እንደ ጥንቱ ሙቀት ነበር። ማቀዝቀዣ የጫነ መኪና የሚደርስበት ቦታ ሁሉ ተከትቦ፣ መኪና የማይደርስበት የአፋርና የደቡብ ሱዳን ሜዳ ለበሽታው ምሽግ ሆኖ ቀረ።

በ1990 ገደማ በጄፍሪ ማሪነር የሚመራ ቡድን ያንኑ ክትባት ለአንድ ወር ያህል ያለ ማቀዝቀዣ እንዲቆይ አድርጎ አሻሻለው። ከ1994 ጀምሮ በአፋር ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው፣ ክትባቱን ተሸክመው፣ ከከብቱ ጋር እየተጓዙ ከተቡ። በጦርነት ውስጥ በነበረው ደቡብ ሱዳንም እንዲሁ ተደረገ። በኢትዮጵያ በሽታው ከ1995 በኋላ አልታየም። በ2011 ዓለም የደስታ በሽታ መጥፋቱን አወጀ። እዚህም ላይ እነዚያው ሦስት ነገሮች ናቸው የሠሩት፤ የጋራ ዕውቀት፣ ለአገሩ የሚስማማ ክትባትና የአገሬው ሰው እጅ።

ወረፋው ሲረዝም

በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጠቃው፣ በታሪክ “የኅዳር በሽታ” የሚባለው ኢንፍሉዌንዛ አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ ጥሎ ነበር። ያን ጊዜ ለበሽታው ክትባት በለንደንም በፓሪስም አልነበረም። ሀብታሙና ድሃው በማጣት እኩል ነበሩ። ወረፋ የሚባለው ነገር የመጣው ክትባት በፍጥነት መሥራት ከተቻለ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ በ2009 ታየ። የአዲሱ ኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በሰኔ ወር ሲታወጅ ሀብታም አገሮች ከፋብሪካዎች ጋር አስቀድመው በገቡት ውል የሚመረተውን ክትባት አብዛኛውን ያዙት። በኋላ ካላቸው ቀንሰው በዓለም ጤና ድርጅት በኩል 78 ሚሊዮን መጠን ለ77 አገሮች ቢሰጡም፣ ስርጭቱ የተጀመረው በ2010፣ የበሽታው ዋና ማዕበል ካለፈ በኋላ ነበር። በሽታው እንደተፈራው ገዳይ ስላልሆነ ጉዳዩ ብዙም ሳያነጋግር ተረሳ።

በ2020 ግን የመጣው እንደዚያ የሚታለፍ አልነበረም። የኮቪድ-19 ክትባት አንድ ዓመት ሳይሞላ መሠራቱ የሳይንስ ታላቅ ሥራ ነው፤ ይህን መካድ ተገቢ አይሆንም። ብሪታንያ በታኅሣሥ 8 ቀን 2020 ሕዝቧን መከተብ ጀመረች። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኀኖም በጥር 18 ቀን 2021 ለድርጅቱ የሥራ አመራር ቦርድ ሲናገሩ፣ እስከዚያ ቀን በ49 የተሻለ ገቢ ባላቸው አገሮች 39 ሚሊዮን መጠን ክትባት ሲሰጥ፣ እጅግ ድሃ ከሚባሉት መካከል በአንዲት አገር 25 ሰዎች ብቻ መከተባቸውን ገለጹ። 25 ሚሊዮን ወይም 25 ሺህ አይደለም፤ 25 ሰዎች።

ለድሃ አገሮች ተብሎ የተቋቋመው ኮቫክስ በ2021 መጨረሻ 2 ቢሊዮን መጠን ለማድረስ አቅዶ ነበር። የመጀመሪያው ጭነት በየካቲት 24 ቀን 2021 ጋና ደረሰ። ኬንያ በመጋቢት 3 ቀን 1 ሚሊዮን ያህል፣ ኢትዮጵያ በመጋቢት 7 ቀን 2.2 ሚሊዮን ያህል፣ ሶማሊያ በመጋቢት 15 ቀን 300 ሺህ መጠን ተቀበሉ። ተስፋ ታየ። ነገር ግን የኮቫክስ ዋና ምንጭ የሕንዱ ሴረም ኢንስቲትዩት ነበርና በሕንድ በሽታው ሲያይል አገሪቱ ክትባት ወደ ውጭ መላክን አቆመች። ከኅዳር 2021 በፊትም ለኮቫክስ መላክ አልቀጠለችም። አንደኛውን መርፌ የወሰዱ ሚሊዮኖች ሁለተኛውን በመጠባበቅ ላይ ሳሉ፣ በሀብታም አገሮች ሦስተኛውን ዙር መስጠት ተጀመረ። የኮቫክስ አንድ ቢሊዮንኛ መጠን ሩዋንዳ የገባው በጥር 2022 ነው።

ዋጋውም ቢሆን ለድሃው አልራራም። ደቡብ አፍሪካ ለአስትራዜኒካ ክትባት በአንዱ መጠን 5.25 ዶላር ስትጠየቅ፣ የአውሮፓ ኅብረት ለዚያው ክትባት 2.16 ዶላር ያህል ይከፍል ነበር። በዚያችው አገር በጌበርሃ ከተማ ባለ ፋብሪካ የሚታሸገው የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ክትባት ከፊሉ ወደ አውሮፓ ይጫን እንደነበረ በነሐሴ 2021 ታወቀ። በአፍሪካ እጅ ታሽጎ ለአፍሪካ አልደረሰም ማለት ነው። ፋብሪካ መኖር ብቻውን እንደማይበቃ፣ የሚመረተው ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ማን እንደሆነም መጠየቅ እንደሚያስፈልግ ይህ ያስረዳል።

ከሦስቱ የትኛው ጎደለ?

ሕንድና ደቡብ አፍሪካ በጥቅምት 2 ቀን 2020 የኮቪድ መድኃኒቶችና ክትባቶች የፈጠራ መብት ለጊዜው እንዲነሣ ለዓለም ንግድ ድርጅት ጥያቄ አቀረቡ። ውሳኔ የተሰጠው በሰኔ 17 ቀን 2022፣ ያውም በብዙ ተቀንሶ ነው። መብትን ማንሣት ብቻውን በቂ እንዳልነበረም ማመን ይገባል። ሞደርና ኩባንያ በወረርሽኙ ዘመን የፈጠራ መብቱን ተከራክሮ እንደማያስከብር በ2020 አስታውቆ ነበር፤ የአሠራሩን ስልት ለሌሎች ለማስተማር ግን ፈቃደኛ አልሆነም። የኬፕታውኑ አፍሪጀን ተቋም በአደባባይ ከታተመው መረጃ ተነሥቶ ተመሳሳይ ክትባት በቤተ ሙከራ መሥራት ቻለ። ሆኖም ይህ ሲሆን 2022 ገብቶ ነበር። የፈንጣጣውን ዘመቻ ያዋጣው ዕውቀትን ከእነ አስተማሪው ማካፈል ነበር፤ በ2021 የጎደለው ዋናው ነገር ይህ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የክትባቱ ጠባይ ነበር። በጣም ውጤታማ ከነበሩት አንዱ በመጀመሪያው ጊዜ ከዜሮ በታች እስከ 70 ዲግሪ የሚደርስ ቅዝቃዜ ይጠይቅ ነበር፤ ይህ ለአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ የማይታሰብ ነው። የተረፈው ዕርዳታም አንዳንድ ጊዜ የአገልግሎት ዘመኑ ሊያበቃ ሲል ይላካል። ማላዊ በግንቦት 2021 ጊዜው ያለፈበት 19 ሺህ ያህል መጠን በአደባባይ አቃጠለች።

ሦስተኛውን ጉድለት ግን በውጭ ሰው ላይ ብቻ ማላከክ አይቻልም። በታንዛኒያ የፕሬዚዳንት ጆን ማጉፉሊ መንግሥት ክትባት አያስፈልገንም ብሎ ነበር፤ አገሪቱ የመጀመሪያውን ጭነት የተቀበለችው እርሳቸው በመጋቢት 2021 ካረፉ በኋላ፣ በሐምሌ ወር ነው። ተተኪያቸው ፕሬዚዳንት ሳሚያ ሱሉሁ ሐሰን በሕዝብ ፊት ተከትበው አርአያ ሆኑ። በሌሎችም አገሮች አሉባልታና ጥርጣሬ ክትባቱ ከመድረሱ በፊት ቀድሞ ደርሶ ነበር። ረጅም ጥበቃ ራሱ ጥርጣሬን ይወልዳል፤ በኋላ ክትባቱ በብዛት ሲመጣ ብዙ ሰው “አሁን ምን ያደርግልኛል” አለ። የጎጃም ሽማግሌዎችን ያግባባው ትዕግሥት በጥድፊያ አይገኝም።

የዚህ ሁሉ ዋጋ ስንት ነው? በ2022 የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ባወጡት ስሌት፣ እያንዳንዱ አገር በ2021 መጨረሻ ከሕዝቡ 40 ከመቶ የመከተቡን የዓለም ጤና ድርጅት ግብ ቢያሳካ ኖሮ ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ ተጨማሪ ሰዎች ከሞት ይድኑ ነበር። ስሌት ስሌት ነው፤ ቢሆንም ከቁጥሩ በስተጀርባ ያሉት ወረፋ ሲጠብቁ የሞቱ ሰዎች ናቸው።

የፈንጣጣ ጥላ

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ፈንጣጣ ከጠፋ በኋላ መከተብ በመቆሙ የእርሱ ዘመድ የሆነው የዝንጀሮ ፈንጣጣ፣ ዛሬ ኤምፖክስ የሚባለው፣ ቀስ በቀስ ቦታ አገኘ። በሰው ላይ መጀመሪያ የታወቀው በ1970 በኮንጎ ነው። መከላከያው አዲስ ትውልድ የፈንጣጣ ክትባት ሲሆን፣ ሀብታም አገሮች ፈንጣጣ በጠላት እጅ መሣሪያ ሆኖ ይመጣብን ይሆናል ብለው በመጋዘን ያከማቹት ነበር። በ2022 ኤምፖክስ አውሮፓና አሜሪካ ሲገባ መጋዘኑ ተከፈተ። በሽታው ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ የኖረባት ኮንጎ ግን ለወረርሽኙ የመጀመሪያውን ጭነት፣ ወደ 99 ሺህ መጠን፣ የተቀበለችው በመስከረም 5 ቀን 2024 ነው።

መልካም ጅምር የለም ማለት ግን አይደለም። አፍሪካ ከምትጠቀምበት ክትባት ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን ያህል ከውጭ ታስገባ የነበረ ሲሆን፣ የአፍሪካ ኅብረት በ2021 ይህን ለውጦ በ2040 ከመቶ ስድሳውን በአህጉሩ ለማምረት ግብ አስቀመጠ። ለዚሁ የሚውል ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ የማበረታቻ ገንዘብ በሰኔ 2024 ይፋ ሆነ። የዓለም ጤና ጉባኤ ደግሞ በግንቦት 20 ቀን 2025 የወረርሽኝ ስምምነቱን አጸደቀ። በስምምነቱ መሠረት የተሕዋስያን ናሙና እየተካፈሉ የሚሠሩ አምራቾች በወረርሽኝ ጊዜ ከምርታቸው 20 ከመቶውን ለዓለም ጤና ድርጅት ያቀርባሉ፤ ከዚህም ቢያንስ ግማሹ በነፃ የሚሰጥ ይሆናል። አፈጻጸሙን የሚወስነው ዝርዝር ግን ያን ዕለት አልተቋጨም፤ ለተጨማሪ ድርድር ተላለፈ። ስምምነቱ የሚመዘነውም በዚያ ዝርዝር ነው።

አበው “ሳይቃጠል በቅጠል” ይላሉ። የዚህ ቀጠና መንግሥታት ለሚቀጥለው ወረርሽኝ የሚዘጋጁት በሽታው ከገባ በኋላ ደብዳቤ በመጻፍ ከሆነ ወረፋው እንደ 2021 ይሆናል። ቢሾፍቱ የከብት ክትባት ማምረት ከጀመረች ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ የአፋር አርብቶ አደር ክትባት ተሸክሞ በረሃ አቋርጧል፤ የመርካ ሰዎች በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተማቸውን ከትበዋል። ችሎታው እንግዳ አይደለም። የጎደለው የሠራተኛው ደመወዝ፣ የቤተ ሙከራው በጀትና ጎረቤት አገሮች ተስማምተው ከአንድ ፋብሪካ የሚገዙበት ውል ነው። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩት በሽታ በሌለበት፣ ማንም በማይጨነቅበት ጸጥታ ዘመን ነው።